እግሬ ማቃጠሉን የተወ ሰሞን

ሥራ ላይ በነበርሁበት ዘመን እግሬን አስቤው አላውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ ሠርቻለሁ። ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ የተበጠሰ ክር መቀጠል፣ ወደሚቀጥለው ማሽን መራመድ፣ ተመልሶ መምጣት ነበር ሥራዬ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ማቃጠል ጀመረ። የድካም ነው አልሁ። ቤት ስቀመጥ ይተወኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቤት ተቀመጥሁ፤ ማቃጠሉ ግን ከአውራ ጣቴ ወደ ሌሎቹ ጣቶች፣ ከቀኙ ወደ ግራው እግሬ ተሻገረ።

ረመጥ እንደ መርገጥ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጉንዳን የወጣብኝ ይመስለኛል፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ ምንም የለም። አንሶላ ሲነካኝ ያመኛል፤ ካልሲ ማድረግ አልችልም። ቀን ቀን ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ሞልቼ እግሬን ነክሬ እቀመጥ ነበር። ጎረቤቴ ብቅ ሲሉ ሁልጊዜ የሚያገኙኝ እንደዚያ ሆኜ ነው።

ጎረቤቴ የወረታ ሰው ናቸው። ከነጋዴ ቤተሰብ ተወልደው፣ ለነጋዴ ተድረው፣ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሴት። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ አንድ ግድግዳ ተጋርተን ሃያ ዓመት ኖረናል። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ይበልጡኛል፤ እትዬ ነው የምላቸው። ስኳር አለባቸው፤ እኔም አለብኝ። የእሳቸው ከእኔ ይቀድማል። ጠዋት ጠዋት በግድግዳው በኩል "ኪኒንሽን ዋጥሽ?" የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

"አንቺ፣ እንደ ዓሣ ውኃ ውስጥ ልትኖሪ ነው?" አሉኝ አንድ ቀን ከሳፋው አጠገብ ቆመው።

"የደልጊ ልጅ አይደለሁም እንዴ እትዬ፤ ምን ይገርማል?" አልኋቸው። ደልጊ ነው የተወለድሁት፤ አባቴ ከጣና ዓሣ እያወጣ ነው ያሳደገን። ሁለታችንም ሳቅን። እየሳቁ ግን ዓይናቸውን ከእግሬ ላይ አላነሡም። "የእኔም ጀምሮኛል" አሉኝ ቀስ ብለው። "ለልጆቼ አልነገርሁም።"

ሐኪም ቤት የሚከታተለኝ ዶክተር ወጣት ነው፤ ትሑት ልጅ ነው። ስኳሩ ነርቬን እየጎዳው እንደሆነ ነገረኝ። ስንት ጊዜ መድኃኒት እንዳቋረጥሁ ሲጠይቀኝ ዋሸሁት። ኪኒኑ ከከተማው ጠፍቶ ያለ መድኃኒት የከረምሁባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ እነሱን ነገርሁት። ኪኒኑ መሳቢያዬ ውስጥ እያለ የተውሁባቸውን ቀኖች ግን አልነገርሁትም። ለማቃጠሉ ሌላ ኪኒን አዘዘልኝ። እሱን ስወስድ እንቅልፍ ይጥለኝ ጀመር፤ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልሁ አንገቴ ይወድቃል። ሳምንት ሳይሞላኝ ተውሁት።

ልጄ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው። ስልክ ደውላ ይህን ሁሉ ስነግራት "እማዬ፣ የሥራ ጓደኛዬ አባት አንድ ነገር ወስደው እግራቸው ተሻላቸው" አለችኝ። "አልፋ ሊፖይክ አሲድ ይባላል።"

"አሲድ? የባትሪ ውኃ ልታጠጪኝ ነው?"

"የባትሪ አይደለም እማዬ! በሰውነታችን ውስጥም አለ ይላሉ። እልክልሻለሁ።"

ወደ ባሕር ዳር ለሚመጣ ባልደረባዋ ሰጥታ ላከችልኝ። ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ነው፤ ክዳኑ በላስቲክ ታሽጓል። ልከፍተው እጄን ሰደድሁና ተውሁት። የምውጠውን ነገር ሳላውቅ አልውጥም ብዬ ብልቃጡን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ የስኳር ኪኒኔን ወደምገዛበት ፋርማሲ ሄድሁ።

ፋርማሲዋን የምትይዘው ልጅ ወጣት ናት፤ መነጽር ታደርጋለች፤ ስታወራ አትቸኩልም። ብልቃጡን ተቀብላ ዙሪያውን አነበበች።

"ሰፕሊመንት ነው፤ ከምግብ በተጨማሪ የሚወሰድ" አለችኝ። "ዕቃው ጥሩ ነው። ውስጡ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ እንክብል ስድስት መቶ ሚሊ ግራም እንዳለው በግልጽ ተጽፏል። የሚያበቃበት ጊዜም ገና ነው።"

"ያድነኛል?"

ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "እውነቱን ልንገርዎት እናቴ። ማቃጠሉን የሚቀንስለት ሰው አለ፤ ምንም የማያደርግለትም አለ። እርስዎ ከየትኛው እንደሚሆኑ አላውቅም።"

ዕቃ የምትሸጥ ሰው አላውቅም ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ስለዚህም አመንኋት። በቀን አንድ፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት በባዶ ሆድ እንድወስደው ነገረችኝ። የስኳር ኪኒኔን እንዳልተው፣ ስኳሬንም ቶሎ ቶሎ እንድለካ አስጠነቀቀችኝ፤ አንዳንድ ሰው ላይ ስኳርን ያወርዳል አለች። የእንቅርት መድኃኒት እወስድ እንደሆነም ጠየቀችኝ፤ አልወስድም። "ሦስት ወር ወስደው ለውጥ ካላዩ ይተዉት። ማቃጠሉ ከቆመም ዝም ብለው አይቅሩ፤ ለዶክተሩ ያሳዩ። እግርዎን በየቀኑ ይዩ።" ሁሉንም እሺ አልሁ። ከአፏ የወጣውን ሁሉ የሰማሁ መስሎኝ ነበር።

የጀመርሁት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደረቴን ያቃጥለኝ ነበር፤ ከዚያ ለመድሁት። ጾሙ ሲገባ ግን አንድ ስሕተት ሠራሁ። በባዶ ሆድ ካለችኝ ጾም ይመቸኛል ብዬ፣ ጠዋት አንዱን እንክብልና የስኳር ኪኒኔን አንድ ላይ ውጬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልበላ መዋል ጀመርሁ። በሦስተኛው ቀን ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳለሁ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ የቄሱ ድምፅ ከሩቅ እየመጣ መሰለኝ። አጠገቤ የነበረች ሴት ደግፋ አስቀመጠችኝ። ስኳር እንዳለብኝ ስነግራት ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ አፌ ውስጥ ከተተችልኝ።

ለፋርማሲስቷ ይህን ስነግራት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ባዶ ሆድ ያልሁት ለግማሽ ሰዓት ነው እናቴ፣ ለግማሽ ቀን አይደለም!" የንስሐ አባቴም ተቆጡኝ። "በሽተኛ ነሽ፤ ማን ጹሚ አለሽ?" ብለው ጠዋት ቁርሴን እንድበላ አዘዙኝ። ሥጋና ወተቱን ብቻ ትቼ በላሁ።

ከፋሲካ በኋላ ነው መሰለኝ ማቃጠሉ መቅለል የጀመረው። አንድ ጠዋት ተነሥቼ ወደ ሳፋው ሳልሄድ ቁርስ ሠራሁ፤ ሳፋው ትዝ ያለኝ ከረፈደ ነው። በሌላ ቀን ካልሲ አደረግሁ። ወደ ማታ ገደማ ወደ ጣና ዳር ወርጄ ሰው በሚንሸራሸርበት መንገድ ከዳር እስከ ዳር ተራመድሁ። ለልጄ ደውዬ መረቅኋት። ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

እትዬ ሳምንት አልጠበቁም። ገበያ ውስጥ ሽቶና ቅባት ከሚሸጥ ሱቅ አንድ ብልቃጥ ገዝተው መጡ። ብልቃጡ ከእኔው ይበልጣል፤ ያብረቀርቃል። "ያንቺን ያስንቃል" አሉኝ።

"እስቲ ልጅቷ ትየው" አልኋቸው።

ፋርማሲስቷ ጀርባውን ዞር አድርጋ ረጅም ጊዜ አነበበች። ፊት ለፊቱ ላይ አልፋ ሊፖይክ አሲድ ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ጀርባው ላይ ግን ስምንት ዓይነት ነገር ተደርድሯል፤ ከየትኛው ምን ያህል እንዳለ አልተጻፈም። የት እንደተሠራም አይናገርም። "ይህን አይውሰዱ እናቴ" አለቻቸው። "መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ምን እንደሚውጡ ማወቅ አልቻልሁም ማለቴ ነው።"

እትዬ ፊታቸው ተለዋወጠ። "እኔ አርባ ዓመት ስነግድ ፊቱን ጥጥ፣ ጀርባውን ፖሊስተር አድርጌ ሸጬ አላውቅም!" አሉ። ወዲያው ወደ ገበያ ተመለስን። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመው ጥፋትህን ንገረኝ እንደሚል ሰው ሻጩን ትክ ብለው አዩት። ልጁ የተከፈተ ዕቃ አንመልስም አለ። "አልተከፈተም፤ እሽጉን እየው" አሉት። በመጨረሻ በፀጉር ቅባት ለወጠላቸው። ቅባቱን ለእኔ ሰጡኝና ከፋርማሲው ተራውን፣ የማያብረቀርቀውን ብልቃጥ ወሰዱ።

ክረምቱ ሲወጣ የእኔ ማቃጠል ጨርሶ ጠፋ። ጉንዳኑም ረመጡም የለም። ዳንሁ አልሁ። የሐኪም ቤት ቀጠሮዬ ደረሰ፤ አልሄድሁም። የዳነ ሰው ሰልፍ ላይ ምን ያደርጋል? ደግሞም ዶክተሩ የእሱን ኪኒን እንደተውሁ ያውቅብኛል ብዬ ፈራሁ። እግሬን በየቀኑ ማየቱንም ተውሁ፤ የማያመኝን ነገር ምኑን አየዋለሁ?

በጸጥታው ችግር ተዘግቶ የነበረው መንገድ በተከፈተ በአንድ ሳምንት እትዬ ወንዛዬ ፍል ውኃ እንሂድ አሉኝ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በዓመት አንዴ ይሄዱ ነበር፤ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ አልሄዱም። በጠዋቱ ሚኒባስ ወጣን። እዚያ ስንደርስ የሴቶቹ ተራ ነበር። ገበሬ ሴቶች ልጆቻቸውን ያጥባሉ፤ አሮጊቶች ወገባቸውን በውኃው ያስመታሉ። እትዬ ውኃውን በእጃቸው ሞከሩት፤ ከምንጩ አጠገብ ያለውን ነክተው ቶሎ እጃቸውን መለሱና ዝቅ ወዳለው ቦታ ሄዱ።

"ወደዚህ ነይ፤ እዚያ ይፋጃል" አሉኝ።

"ለእኔ ልክ ነው እትዬ።" ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እግሬን ከምንጩ አፍ ሥር አኖርሁ። ውኃው ከቁርጭምጭሚቴ በታች ነበር። ለብ ያለ መሰለኝ፤ ለብ ማለቱም እንዲያው ከእንፋሎቱ ገመትሁት እንጂ። ልጅ ሆነን አባቴ ደልጊ ላይ መረብ ሲጥል ጀልባዋ ላይ እንዴት እንደተኛሁ እያወራሁላቸው ነበር። ብዙ አወራሁ።

እትዬ ዞር ብለው አዩኝና ወሬዬን አቋረጡ። "እግርሽን! አንቺ፣ እግርሽን አውጪው!"

ምን እንደሆኑ አልገባኝም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት በአንድ ጊዜ ደርሰው ብብቴን ይዘው ጎተቱኝ። እግሬ ከውኃው ሲወጣ አየሁት። ቀይ ነው፤ እንደ በርበሬ የቀላ። የቀኙ ውስጥ እግር ላይ ቆዳው ውኃ ቋጥሮ ተነሥቷል።

"አላመመሽም?" አሉኝ።

"ኧረ አላመመኝም" አልሁ፤ እሳቸውን ለማረጋጋት ፈገግ ብዬ። ከዚያ ያልሁትን ራሴ ሰማሁት። ያንን እግር አይቼ አለማመሙ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። በእጄ ነካሁት። እጄ እግሬን አወቀው፤ እግሬ እጄን አላወቀውም። የሌላ ሰው እግር የነካሁ ያህል ነበር።

እትዬ ንጹሕ ነጠላቸውን ቀደው ጠቀለሉልኝ። ሚኒባሱ ውስጥ እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ ባሕር ዳር ድረስ ያዙልኝ።

በማግስቱ ዶክተሩ ቁስሉን ካጸዳልኝ በኋላ ቀጭን የፕላስቲክ ክር አወጣ። "ዓይንዎን ይጨፍኑ። ክሩ ሲነካዎት አዎ ይበሉኝ።" መጀመሪያ ክንዴን ነካ፤ አዎ አልሁ። "አሁን እግርዎን ነው" አለ። ጠበቅሁ። ከኮሪደሩ ጫጫታ ይሰማል፤ ነርሷ ስም ትጠራለች። ጠበቅሁ። በግራው እግሬ ላይ ሁለት ጊዜ አዎ ያልሁ ይመስለኛል። ከዚያ ብዙ ቆየሁ።

"ዶክተር፣ ቀኙን መቼ ነው የሚጀምሩት?" አልሁት።

"ጨርሻለሁ እናቴ" አለኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ክሩን ወደ ቦታው እየመለሰ ነበር፤ ወደ እኔ አላየም። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ቀረበኝ። ነርቭ ሲታመም ያቃጥላል አለኝ፤ ጨርሶ ሲዳከም ደግሞ ዝም ይላል። ማቃጠሉ ሲቆም ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ እየዳነ ነው፣ ወይ እየሞተ ነው። ሰውየው በራሱ ሊለየው አይችልም፤ የሚለየው እንዲህ በክር ነው። ስለ እንክብሉ ጠየቅሁት። "እሱ አልጎዳዎትም" አለ። "ምናልባት መጀመሪያ ላይ ረድቶዎት ይሆናል። ቀጠሮዎን የቀሩት ግን እርስዎ ነዎት።" ያን ጊዜ ስለ መሳቢያዬ ኪኒኖችም እውነቱን ነገርሁት። አልተቆጣኝም፤ ጻፈው ብቻ። የሚቆጣኝ ሰው ቢኖር ደስ ባለኝ ነበር።

ቁስሉ ለመዳን ሁለት ወር ያህል ፈጀ። በየሁለት ቀኑ ይታጠባል፣ ይታሸጋል። ኢንሱሊን ጀመርሁ። እትዬ ከዐሱር ሶላት በኋላ እየመጡ የውስጥ እግሬን ያዩልኛል፤ ጎንበስ ብዬ ማየት ስለሚቸግረኝ። አንድ ቀን እግሬን አይተው ከጨረሱ በኋላም አልለቀቁትም።

"ምነው እትዬ? ብሷል?"

"ኧረ ደኅና ነው።" ከዚያ "እኔም በክሩ ተለካሁ" አሉ። "አንቺን ካየሁ በኋላ ፈርቼ ሄድሁ። ሁሉም ቦታ ይሰማኛል። ማቃጠሉም ቀንሶልኛል።" እንደ ጥፋተኛ ነበር የሚናገሩት። "ያው አንድ እንክብል፤ እኔን ሲረዳኝ አንቺን . . ."

"እርስዎ ኪኒንዎን አንድ ቀን አልተዉም" አልኋቸው። "እኔ ተውሁ።" ልክ ልሁን አልሁን አላውቅም። እሳቸው ቶሎ ጀመሩ፤ የእኔ ነርቭ ምናልባት ብልቃጡ ሳይደርስ በፊት አልፎበት ነበር። ቅናት አልተሰማኝም ብል ግን እዋሻለሁ። ተሰማኝ፤ ለጥቂት ቀናትም አብሮኝ ከረመ። እሳቸው እግሬን ያጥባሉ፣ እኔ በእግራቸው እቀናለሁ።

ፋርማሲስቷ ጋ የሄድሁት መራመድ ስችል ነው። በመጀመሪያው ቀን ነግሬዎት ነበር ትለኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አላለችኝም። "ጫማዎን ያሳዩኝ" አለችኝ። እጇን ነጠላ ጫማዬ ውስጥ አግብታ ዳሰሰችው፤ ከሶሉ ውስጥ ትንሽ ጠጠር አወጣች። እየረገጥሁት ነበር የሄድሁት።

እንክብሉን ልቀጥል ወይስ ልተው አልኋት። ከዶክተሩ ጋር ተነጋግረን ለግራው እግሬ ሦስት ወር ብቻ እንድሞክረው፣ ከዚያ በክሩ እንድለካ ተስማማን። ወሰድሁ፤ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ አንድም ቀን ሳልዘል። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ተለካሁ። ግራው እንደነበረ ነው፤ አልተሻለውም፣ አልባሰበትም። አለመባሱ ከእንክብሉ ይሁን ከኢንሱሊኑ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ተውሁት። ልጄ ሌላ ልላክልሽ ብላ ተከራከረችኝ፤ ይልቅ የተዘጋ ለስላሳ ጫማ ላኪልኝ አልኋት። እትዬ እስካሁን ይወስዳሉ፤ በስድስት በስድስት ወሩ ይለካሉ።

ግራ እግሬ አሁንም አንዳንድ ቀን ያቃጥለኛል። ሲያቃጥለኝ ደስ ይለኛል አልልም፤ ማን ደስ ይለዋል? ግን እንደ ድሮው አልረግመውም። ቀኙ ዝም እንዳለ ነው። ገላዬን ስታጠብ አስቀድሜ ክርኔን ውኃው ውስጥ እነክራለሁ፤ ቤት ውስጥም ባዶ እግሬን አልሄድም።

ባለፈው ቀጠሮዬ ላይ አግዳሚው ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ወሬ ጀመረችኝ። በዕድሜ ታንሰኛለች፤ አስተማሪ ናት መሰለኝ፣ ጣቷ ላይ የጠመኔ ዱቄት ነበር። እግሯን ያቃጥላት እንደነበር፣ ስለ አልፋ ሊፖይክ አሲድ ከስልኳ ላይ አንብባ እንደገዛች፣ አሁን ማቃጠሉ እንደተዋት ነገረችኝ። ብልቃጡን ከቦርሳዋ አውጥታ "ይህ ዓይነቱ ጥሩ ነው?" አለችኝ።

ብልቃጡን ተቀብዬ ጀርባውን አየሁት። ጥሩ ዕቃ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ፣ መጠኑ የተጻፈ።

"ዕቃው ጥሩ ነው እህቴ" አልኋት። "እስቲ ጫማሽን አውልቂ።"

"እዚህ? ሰው ፊት?" ግራና ቀኝ አየች። ሰው ሞልቷል፤ ማንም ግን አያየንም ነበር። ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።